የአክስቴ በሬ ከላይ፣ ከታችና ከጀርባ

“ከላይ አንሳው አልኩህ!”

“ከላይ ካነሳሁት ፍየል ይመስላል፣ አክስቴ።”

“ይምሰል! ፍየል ያየ ሰው ዓይኑ አይቀላም።”

“ፍየል ያየ ሰው በሬ ብሎ ይገዛል?”

“የሚገዛ ሰው በልቡ ያያል። በዓይኑ የሚያየው ሌላ ነው፤ እሱን ነው የምፈራው። ተነስ ከዚያ፣ ናአው!”

“ናአው” ማለት በእኛ “አንተ ልጅ” ማለት ነው። አክስቴ አልታዬ ስትለው ግን ትንሽ ዱላም አለበት። ክርክሩ በወላይትኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ ስገለብጠው ቁጣው ግማሽ በግማሽ እንደቀነሰ አንባቢ ይወቅልኝ።

ክርክሩ ሲካሄድ እኔ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። የተንጋለልኩት በአክስቴ ጎጆ ውስጥ፣ ጋጣው መሬት ላይ፣ ሆዱ ከግንባሬ በላይ እንደ ሐምሌ ደመና በተንጠለጠለ በሬ ሥር ነው። ስልኬን በሁለት እጄ ወደ ላይ ይዣለሁ። ሸሚዜ ነጭ ነበር። በሬው አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ የሚላስ ነገር እንዳልሆንኩ ለማረጋገጥ ላሰኝ፤ እንዳልሆንኩ ሲገባው ተነፈሰብኝና ወደ ስኳር ድንቹ ተመለሰ። ብዙ ሰው ግጥሜን ሰምቶ እንዲሁ አድርጎኝ ያውቃል፤ ስለዚህ አልከፋኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሶዶ ከተማ ውስጥ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ አንድ ሰንጋ ገዝተው የሚቃረጡ የዘመዳሞችና የጎረቤታሞች ቡድን አለን። “አለን” ያልኩት እናቴ አባል ስለሆነች ነው፤ የእኔ አባልነት ዳታ በርበሬው ሲቀርብ ይጀምርና ሥጋው ሲያልቅ ያበቃል። ቡድኑ ለብዙ ዓመት በሬ የሚወስደው ከቤሌ መንገድ ወደ ዳገቱ ገባ ብሎ ካለው፣ ከአክስቴ ባል ከባሳ ቤት ነበር። በቡድናችን ልማድ መቃረጥ ሳይጀመር ሊቀመንበሩ ቢላዋውን ከፍ አድርጎ ያደለበውን ሰው ስም ይጠራል። “የባሳ በሬ ነው!” ይላል። ሰው ሁሉ “እጁ ይባረክ!” ይላል። ባሳም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጢሙን እያሻሸ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

እጅ ከተባለ ግን ስኳር ድንቹን የሚከትፈው፣ የእንሰት ቅጠሉን የሚቆርጠው፣ ውኃውን ከምንጭ የሚያመጣው፣ እበቱን የሚጠርገው የአክስቴ እጅ ነበር። ባሳ ከበሬው ጋር በደንብ የሚተዋወቀው በሬው ሊሸጥ ሲወጣ ነው፤ ገመዱን ይዞ ከፊት ይሄድ ነበርና።

ባሳ ሲሞት ቡድኑ አለቀሰ፣ ለቅሶ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን “ቤቱ ወንድ የለውም” ብሎ በሬውን ወደ ተበላ ከተማ በኩል፣ ጋሽ አንጁሎ ከሚባል ሰው ዘንድ መውሰድ ጀመረ። አክስቴ አንድ ወይፈን ገዛች። ዝም ብላ ጋጣው ውስጥ አሰረችው። ዘንድሮ ወደ እሷ ስሄድ ስኳር ድንች እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ እንዲህ አለችኝ፦

“አንድ ጊዜ ብቻ፣ ‘የአልታዬ በሬ ነው’ ሲባል ልሰማ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ በግ አረባለሁ።”

እኔ ግጥም የምጽፍ ሰው ነኝ። ከዚህች ዓረፍተ ነገር የተሻለ እስካሁን አልጻፍኩም። ስለዚህ እኔው ቡድኑ ፊት በሬዋን ላስተዋውቅ ቃል ገባሁ። ክረምቱ ጨክኖ መንገዱን ገንፎ ስላደረገው ሊቀመንበሩ ጋሽ ታምሩ በቴሌግራም “ዘንድሮ ከሁለቱም ቤት ፎቶ ይላክና አይተን እንመርጣለን” ብለው ነበር። የጋሽ አንጁሎ ልጅ በማግስቱ ላከ። ጥሩ አድርጎ ነው ያነሳው፤ ምቀኛ ልሆን አልችልም። ልጁ ተንበርክኮ ነው ያነሳው። በሬው ቆሟል፤ ከኋላው በሩቁ የዳሞታ ተራራ ይታያል፤ ተራራው የበሬውን ጉልበት አይደርስም።

አሁን ስለ ካሜራ የማውቀውን ልንገራችሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ስህተቱ ሁሉ የራሴ ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ይከፍላል፤ ከፊት መሬት ላይ የሚቀመጥ ሳንቲም ባይኖረውም ባለቤቱ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። እኔ የመሬት ደንበኛ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ቁምሳጥን ላይ ተሰቅሏል። አንገቴን አጥፌ ስላየሁ ፊልም ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ግዙፍ ነበር፤ ፖሊሱም ሌባውም፣ ጀግናውም ጀግናው በጥፊ የሚመታው ሰውዬም። ሲሸነፉ እንኳ ከእኔ በላይ ሆነው ነው የሚሸነፉት። አንድ ቀን አጎቴ ከፍሎልኝ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ያንኑ ፊልም ደግሜ አየሁት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ጀግናው በር ላይ ቆሞ ሲታይ ካሜራው እንደ እኔ መሬት ላይ ተቀምጧል። ያው ጀግና ታስሮ ሲታይ ካሜራው ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው፤ ቁመቱም አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያየው ሰው መቀመጫ ነው። እስከ ዛሬ ያን ቀን ሳስታውስ ሆዴን ደስ ይለዋል። አንድም ቃል ሳይናገር “ይህን አክብር፣ ለዚያ እዘን” ብሎ የሚያዝ እንዴት ያለ ብልህ ነገር ነው! እኔ ያንን ለማለት ስንት ስንኝ እፈጃለሁ።

ካሜራ አይዋሽም ይላሉ። እውነት ነው፤ አይዋሽም። ግን ይንበረከካል። ግን ይንጠራራል። ሲያሻው አጥር ላይ ይወጣል። የሰርግ ቪዲዮ አንሺዎቻችንን ተመልከቱ፤ እንግዳው ጥቂት የሆነ እንደሆነ ዝቅ ብለው በሰዎች ትከሻ መካከል ያነሱና ሜዳው ሁሉ ሰው የሞላው ይመስላል። እንግዳው ብዙ ከሆነ ዛፍ ይወጡና ከላይ ጃንጥላውን ያሳዩናል። ቁጭ በሉ ቢባሉ አይቀመጡም፤ ምሳቸውን እንኳ በአንድ እግራቸው ቆመው ነው የሚበሉት። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳላቸው ነበር።

የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው ለማንም የማያዳላ። ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን ያነሳሃል፤ ጻድቅም ብትሆን ተፈላጊ ወንጀለኛ ትመስላለህ።

እውቀቴን በራሴ ላይ ሞክሬው ነበር። ግጥሞቼን የማሳትምበት ቀን ሲመጣ ለጀርባው የሚሆን ፎቶ ያስፈልጋል ብዬ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሩቅ እያየሁ ተነሳሁ። ግርማ ሞገስ ፈልጌ ነበር። ፎቶው ላይ የታየው ሁለት ዋሻ ነው። እናቴ አይታው “አፍንጫህ የእኔ አይደለም፤ በአባትህ ወገን ነው” ብላ እጇን ታጠበች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጥበብ ይዤ ነው አክስቴ ጋጣ ውስጥ የተንጋለልኩት። ችግሩ ግን የእኔ ጥበብና የአክስቴ ቤት ሕግ አልተስማሙም። እዚህ አገር የሚደልብ በሬ ለዓይን አይሰጥም። ጋጣው ጨለማ ነው። ለመግባት የተፈቀደለት ሰውም አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ ማድነቅማ ጨርሶ ክልክል ነው። አክስቴ በሬዋን “ይሄ አጥንት” እያለች ነው የምትጠራው። “ይሄ አጥንት በላ? ይሄ አጥንት ጠጣ?” ትላለች፤ አጥንቱ በር የሚያህል ትከሻውን ግድግዳው ላይ ሲያሻሽ ጎጆው ይንገዳገዳል። ለገጣሚ ከዚህ የባሰ ቤት የለም። ሙያዬ ማድነቅ ነው፤ በገባሁ ቁጥር አፌን በእጄ ይዤ ነበር።

የሆነው ሆኖ ከታች አነሳሁት። አነሳሁና ወጥቼ ለአክስቴ አሳየኋት።

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። እኔም በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁት። ብርሃኑ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ሻኛው ላይ አርፏል። ደረቱ እንደ ተገለበጠ ጀልባ ወደ እኛ ይመጣል። ቀንዱ ከጣሪያው ማገር ጋር ተቀላቅሎ፣ ቤቱን ቀንዱ ተሸክሞት የቆመ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

“አጥፋው!” ብላ ጮኸች።

“አክስቴ...”

“አጥፋው! ገደልከው! ሰው ይሄን አይቶ ያድራል? ቱፍ! ቱፍ! ቱፍ!” ስልኬ ምራቅ በምራቅ ሆነ። መስታወቱ ስንጥቅ ስለሆነ ምራቁ በስንጥቁ ገባ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ መጨመሪያው ራሱ ይጨምራል፣ ራሱ ይቀንሳል።

አጠፋሁት። ስልክ ግን ያጠፉትን ነገር ወዲያው አይጥለውም፤ እንደ እናቴ የሆነ ቦታ ደብቆ ያቆየዋል። ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም።

“በል አሁን ከላይ” አለች።

ከላይ ለማንሳት ወደ ቆጡ መውጣት ነበረብኝ። ቆጡ ላይ በቆሎ፣ የተሰበረ ማረሻ፣ የባሳ አሮጌ ካፖርትና የብዙ ዓመት ጥላሸት አለ። በእንብርክክ ሄጄ ጫፉ ላይ ደረስኩና አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ጉድ ነው! ያ ቤት ተሸካሚ የት ሄደ? ከታች አንድ ጀርባ፣ ሁለት ጆሮ፣ አንድ ጭራ ብቻ ነው ያለው። እግር የለውም። ከላይ ሲታይ ማንም እግር የለውም። አነሳሁት። ፍየል እንኳ አይባልም፤ አንድ ሰው የረሳው ጆንያ ነው የሚመስለው። ከፍ ያለ ሰው ዝቅ ያለውን ለምን እንደሚንቀው ያን ቀን ቆጥ ላይ ገባኝ፤ ይህን ሐሳብ ወደ ግጥም ልለውጠው ትንሽ ወደፊት ተጠጋሁ።

ቆጡ ግጥም አይችልም ነበር።

እንጨቱ ሲሰበር ድምፁን የሰማሁት አየር ላይ ሆኜ ነው። የወደቅሁት ግን መሬት ላይ አይደለም። በሬው ላይ ነው። በሬው ደግሞ፣ ከዓይን ያውጣው፣ እንደ ፍራሽ ተቀበለኝ። አልደነገጠም፤ ማኘኩንም አላቋረጠም። የባሳ ካፖርት ተከትሎኝ መጥቶ ጭንቅላቴ ላይ ወደቀ። እኔ በጀርባው ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ካፖርት ለብሼ፣ ጣቴ ማንሻው ላይ ተጣብቆ ስልኩ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል።

“ተሰበረ?” አለች አክስቴ እየሮጠች መጥታ።

“እጄ ትንሽ...”

“አጥንቱን ነው የምልህ!”

በሬው ደህና መሆኑን በእጇ ዳብሳ አረጋገጠች። ከዚያ ቆጥ ላይ ሆኜ ያነሳሁትን ፎቶ አየች። ፊቷ በራ። “ሎኦ!” አለች፤ ጥሩ ማለቷ ነው። “ይሄን ላክ። ይሄ ማንንም አያስቀናም።”

ኔትወርክ የሚይዘው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ወጥቼ በታዘዝኩት መሠረት ጆንያውን ላክሁ። ብዙ አልቆየም። አንዱ የቡድኑ አባል “ይሄ የበሬው ጥላ ነው? ራሱ በሬው የት ሄደ?” ብሎ ጻፈ። ሌላዋ “ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጆሮ ቢደርሰን ነው” አለች። አንድ ሰው “እንኳን ጾሙ አልተፈታ፤ ይህን ይዞ ምን ፍስክ አለ” አለ። ፍልሰታ ነበር፤ ሁሉም ሽሮ እየበሉ ነው የሚጽፉት። ቀጥሎ አንድ ስሙን የማልጠራው ዘመዴ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ “ሴት ያደለበችው ሲባል ጠርጥሬ ነበር።”

ይህችን ሳነብ ደሜ ፈላ። ስኳር ድንች የምትከትፈዋ፣ ቀና የማትለዋ አክስቴ በዓይኔ መጣችብኝ። ያጠፋሁትን ፎቶ ከተደበቀበት አወጣሁና ላክሁት። እልክ ስለያዘኝ ስወድቅ በስህተት የተነሳውንም ጨምሬ ላክሁ።

ቀልዱ ቆመ። ሽሮ የሚበላ ሰው ያን ፎቶ ሲያይ የሚሆነውን ማሰብ ነበረብኝ። በመጨረሻ አንዲት ትልቅ ሴት “ልጄ፣ በጾም ይህን መላክ ነውር ነው፤ ምራቄን ዋጥኩ፣ ንስሐ አባቴ ጋ ልሄድ ነው” አለች። ስለ ሦስተኛው ፎቶ ደግሞ አንዱ “ይህ በሬ አይደለም፣ ሰፊ መንገድ ነው። ለእኛ ሰፈርም እንዲህ ያለ ቢሠራልን” አለ።

ወዲያው ጋሽ ታምሩ ደወሉ። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ስልክ ላይም ተማሪ ሰልፍ ላይ እንደሚያናግሩ ነው የሚናገሩት።

“ልጄ፣ አክስትህ ስንት በሬ አላት?”

“አንድ ነው፣ ጋሼ።”

“አንድ? ታዲያ ያ ጥጃ የማን ነው? ያ ዝሆንስ? ያ አስፋልትስ?”

“ጋሼ፣ የአነሳስ አቅጣጫ ነው። ከላይ ሲነሳ...”

“እኔ አቅጣጫ አልበላም! ከነገ ወዲያ ዳናን ይዤ እመጣለሁ። በዓይኔ አይቼ፣ አጭበርብራችሁ ከሆነ ያ ቤት ከእንግዲህ ስሙ አይነሳም።”

ዳና ሥጋ ቆራጫችን ነው። የምናገረውን እየተለማመድኩ ከዳገቱ ወረድኩ። ለአክስቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?

“አክስቴ፣ ሊያዩት ሊመጡ ነው።”

“ማን?”

“ጋሽ ታምሩና ዳና።”

“በፎቶ?”

“በዓይናቸው።”

የያዘችው ቢላዋ ስኳር ድንቹ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። “ፎቶ የላክነው” አለች ቀስ ብላ፣ “ሰው እንዳይመጣ አልነበረም እንዴ?”

ከገጣሚ መልስ እንደማይጠበቅ ስለምታውቅ አመድ አምጣ አለችኝ።

መልኩ እንዲከፋ በሬውን ከራሱ እስከ ጭራው አመድ ቀባነው። የፈራሁት ደረሰ፤ አመዱ ሲደርቅ በሬው ከድንጋይ የተጠረበ ሐውልት መሰለ። ብሶበት ቁጭ አለ። አክስቴ ጭቃ ጨመረችበት፤ ጭቃው የጡንቻውን መስመር አጎላው። ገለባ በተነችበት፤ ገለባው በግድግዳው ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ወርቅ ሆነ። በመጨረሻ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ “ይሄ አጥንት ማነስ እምቢ አለኝ” አለች። ድምፅዋ ላይ ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም።

እንግዶቹ በሞተር እስከ ጭቃው፣ ከጭቃው በኋላ በእግራቸው መጡ። ጋሽ ታምሩ ረጅም ሰው ናቸው፤ ጭቃው ግን እስከ ጉልበታቸው ስለወሰዳቸው የመጡት አጥረው ነው። ዳና አጭር፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ ነው። “ሳሮ” ተባባልን፤ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነበር። ጋሽ ታምሩ “የት አለ?” አሉ። አክስቴ በአገጯ በሩን አሳየቻቸው። እኔ ስልኬን ይዤ ልከተል ብል ባትሪው ሞቷል፤ ዳገት ላይ ሆኜ ስከራከር ጨርሼዋለሁ።

የአክስቴ ጎጆ በር ዝቅ ያለ ነው። ብርድ እንዳይገባ ነው ትላለች። ጋሽ ታምሩ ይህን ስለረሱ ቀጥ ብለው ሲገቡ ግንባራቸውን ጉበኑ መታቸው። ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ እርጥቡ ደፍ አንሸራተታቸውና ጋጣው ፊት በጉልበታቸው ወደቁ። ከዚያ ቀና አሉ።

በሬው ከላያቸው ቆሞ ነበር።

እኔ ከበስተኋላ ሆኜ አየሁ። እንዴት እንዳደነቅሁ ልነግራችሁ አልችልም። ያን ሁሉ ተንጋልዬ፣ ሸሚዜን ሰውቼ የፈለግሁትን ቦታ፣ በሩ ራሱ ሰውን ጎትቶ ያስቀምጠዋል። ማንም ሰው ያን በሬ ከላይ ሆኖ አይቶ ሊገባ አይችልም። ዳናም ዝቅ ብሎ ገባና ከጋሽ ታምሩ ጎን እንደ ጸሎተኛ ቁጢጥ አለ።

ጋሽ ታምሩ አፋቸውን ከፈቱ። አክስቴ ዓይኗን ተከለችባቸው። ዳና በክርኑ ጎሸማቸው። የአገሩን ሕግ አስታወሱ፤ ሊያደንቁ የከፈቱትን አፍ እንደምንም መለሱት።

“አልታዬ...” አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ “ይሄማ... ይሄማ አጥንት ነው።”

“አጥንት ነው፣ ጋሼ” አለች አክስቴ።

ዳና እጁን ዘርግቶ ሻኛውን ዳሰሰ። ዓይኑ ተጨፈነ። “ምን ሥጋ አለው” አለ፤ ምራቁን ዋጠ። ወደ ሽንጡ ሄደ፤ የጭራውን ሥር ጨበጠ። “ባዶ ነው። ባዶ! እንዲህ ያለ ከሲታ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም።”

“ምስኪን” አሉ ጋሽ ታምሩ፣ ዓይናቸው እንባ እየሞላ። “ምስኪን ፍጡር። ነፋስ ይጥለዋል።”

“ለጊፋታ ባይደርስስ?” አለ ዳና ጎድኑን እየቆጠረ፤ መቁጠር ግን አልቻለም፣ ጎድን አይገኝም።

አክስቴ በየስድቡ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ጉንጯ ግን ቀልቷል። እኔ ዕድሜዬን የውዳሴ ቃል ስፈልግ ኖሬአለሁ። ሁለት ጾመኞች ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው በስድብ ብቻ ከግጥሞቼ ሁሉ የሚበልጥ ውዳሴ ሲያወርዱ ሰምቼ ቀናሁ።

በመጨረሻ አክስቴ በርጩማ አቀረበችላቸው። ጋሽ ታምሩ ተቀምጠው ግንባራቸው ላይ ያበጠውን እያሹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እንግዲህ ወስነናል። የባሳን በሬ ወስደናል። ባሳ ከሞተ በኋላም እጁ አልተለየንም፤ ነፍሱን ይማረው።”

አክስቴ ቅርጫቷን ልታነሳ ነበር። ተወችው።

“ባሳ ነው ያደለበው?”

“ማለቴ... በልማዳችን፣ አባወራው...”

“ጋሼ፣ ይሄ በሬ እዚህ ቤት ሲገባ ባሳ መቃብር ውስጥ ነበር።”

ዳና ሳቁን ሻኛው ውስጥ ደበቀው። ጋሽ ታምሩ ትንሽ ተቁነጠነጡ። “እሺ፤ የባሳ ቤት በሬ እንበለው።”

“ቤት ስኳር ድንች ይከትፋል?”

“የባሳ ባለቤት በሬ።”

አክስቴ ገመዱ ወደታሰረበት ምሰሶ ሄዳ እጇን ቋጠሮው ላይ አደረገች። “ስሙ ካልተጠራ በሬው አይወጣም” አለች። “የጋሽ አንጁሎ አለላችሁ። ዳሞታን የሚያክለው።”

በሬው ማኘኩን ቀጠለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ያቺ ሴት የዓመታት ልፋቷን በአንድ ቋጠሮ ላይ ይዛ ቆማለች፤ “በቃ እንሂድ” ቢሉ እንደማትለምናቸው አውቃለሁ። ጋሽ ታምሩ በርጩማው ላይ ሆነው አንጋጠው አዩዋት። ሁልጊዜ ቆመው ነበር የሚያናግሯት። ዳናን አዩ፤ ዳና ግን ከበሬው ላይ ዓይኑን አላነሳም፤ “እኔ ይህን ጥዬ አልሄድም” ብሎ ጀርባው ብቻ ይናገራል።

“የአልታዬ በሬ ነው” አሉ ጋሽ ታምሩ፣ ወደ መሬት።

“ቢላዋ ይዘው እንደሚሉት ይበሉ” አለች አክስቴ።

ተነሱ። ሙሉ ለሙሉ መቆም አልቻሉም፤ የተሰበረው የቆጥ እንጨት ራሳቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ እንዳሉ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ የድሮ የሰልፍ ድምፃቸው መጣ።

“የአልታዬ በሬ ነው!”

“እጇ ይባረክ!” አልን እኔና ዳና፣ ከየጥጋችን።

አክስቴ አንገቷን ዝቅ አላደረገችም፣ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። እጇን ከቋጠሮው ላይ አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው። ማጭዷንና ቅርጫቷን ይዛ “ሣር ላምጣለት። እሱ በብርሃን አይበላም፤ እስክመለስ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ” አለች። ሊቀመንበሩ ተቀመጡ። ዳናም ተቀመጠ። እኔም ከሸሚዜ የተረፈውን ለብሼ ተቀመጥኩ። እሷ አጭር ናት፤ በዚያ በር ስታልፍ ጎንበስ ማለት አያስፈልጋትም። ቀጥ ብላ ወጣችና በሩን ከውጭ ዘጋችብን።